ሁለተኛው ጠርሙስ

የልጅ ጉሮሮ በማርና በሎሚ ይለቃል ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ጉሮሮውን እንጂ ልጁን አይከታተሉም። ጉሮሮው ይለቃል፤ ሕመሙ ግን ሁልጊዜ አብሮት አይሄድም። በእኔ ቤት ጉሮሮው በአምስት ቀን ለቀቀ። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ የልጄ ጉልበት ላይ ተገኘ፤ ከዚያም ልቧ ላይ። ይህን የምጽፈው ልጁ ከትምህርት ቤት «ጉሮሮዬን» እያለ ለመጣበት ወላጅ ነው። ሌላው ቢዘለው አልቀየምም።

ሐያት ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ ድምፅዋ ነው በር የሚገባው። ያን ማክሰኞ ድምፅዋ አልቀደማትም። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ምንጣፉ ላይ ተኛች። ውኃ ሰጠኋት። አንዴ ዋጠች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። ኩባያውን መለሰችልኝ።

በቆቦ ሚያዝያ ላይ ትኩሳት መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ግድግዳውም ያተኩሳል። ባለቤቴ ሰዓዳ ግንባሯን አልነካችም። ከንፈሯን ከልጅቷ ጆሮ ሥር አድርጋ ትንሽ ቆየችና «ይቺ ልጅ እየነደደች ነው» አለች።

ያን ሰሞን ከሐያት ክፍል ብዙ ልጆች ቀርተው እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። አንድ ወንበር ላይ አራት ልጆች ይቀመጣሉ። ለክፍሉ ሁሉ አንድ ጀሪካን ውኃ አለ፤ በጀሪካኑ እጀታ ላይ በገመድ የታሰረ አንድ ኩባያ አለ። የታሰረው እንዳይሰረቅ ነው። በኩባያው ከአፍ ወደ አፍ የሚሻገረውን ግን ያሰበው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። ያን ኩባያ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አስመለሳት። ሆዴን አለች፣ ራሴን አለች። ከሰዓት በኋላ አንገቷና ደረቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በደንብ አይታይም፤ የሚያገኘው እጅ ነው። ደረቷን ስዳስስ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን የብርጭቆ ወረቀት የነካሁ መሰለኝ። በብብቷና በክርኗ እጥፋት ደግሞ ይብስ ነበር። ምላሷ ነጭ ለብሶ ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ነጩ ተገፎ እንጆሪ መሰለ።

አክስቴ መሬማ አብራን ትኖራለች። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አሁንም አሳድጋ አልጨረሰችኝም። ገብታ ልጅቷን አየችና እኛን ሳታማክር በመስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀለች።

«ኩፍኝ ናት» አለች። «እንግዳ እንዳይገባ። ውኃ እንዳይነካት። መርፌማ ዋ! ኩፍኝ መርፌ አትወድም። መርፌ ከነካት ወደ ውስጥ ትመለሳለች።»

«አክስቴ፣ የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች እኮ።»

«አንተም ብዙ ተከትበህ ነበር። ይኸው አልዳንክ።»

ይህን የመሰለ ክርክር ከእሷ ጋር አሸንፌ አላውቅም። ለሃያ ዓመት ያህል ስለ አጉል ልማድ በየመጽሔቱ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ብዙ አንብቤአለሁ። ሰው ሁሉ አዎ ሲል አይደለም ማለት እወዳለሁ፤ ይህ ጠባይ እንጀራም ሆኖልኛል። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን በቤታችን የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው።

ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄድን። አክስቴም በባጃጅ ተከተለችን፤ ልጅቷን ፀሐይ እንዳይነካት በሻርፗ ጠቅልላ እንደ ኮንትሮባንድ ነበር የያዘቻት።

ያየችን ወጣት ጤና መኮንን ናት። ባትሪ አበራች፤ ምላሷን በጠፍጣፋ እንጨት ተጫነች። ቶንሲሎቿ አብጠው ነጭ መግል ይዘው ነበር። ላንቃዋ ላይ ቀያይ ነጥቦች ነበሩ። ከመንገጭላዋ ሥር ያሉትን እጢዎች ዳሰሰች። ከአፏ ዙሪያ ያለው ቆዳ ብቻ ሳይሻክር መቅረቱን በጣቷ አሳየችን።

«ኩፍኝ አይደለም» አለች። «ሳል የላትም፣ ንፍጥ የላትም፣ ዐይኗ አልቀላም። ይሄ ስካርሌት ፊቨር ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮዋ ውስጥ ሆኖ መርዝ ይለቃል፤ ሽፍታው ከመርዙ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም።»

ከዚያ ምርጫ ሰጠችን። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ አለ፤ አንዴ ተወግታ ያበቃል። ወይም አሞክሲሲሊን ሽሮፕ፣ ጠዋትና ማታ፣ አሥር ቀን።

«አሥር ስል አሥር ማለቴ ነው» አለች።

«ዶክተር፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቴ፣ ሐያትን ወደ ደረቷ ስባ፣ «ሽፍታ የወጣበት ገላ ላይ መርፌ? ኧረ በአላህ!»

ጤና መኮንኗ በትዕግሥት አስረዳቻት። አክስቴ በትዕግሥት አልሰማቻትም። ሐያት መርፌ የሚለውን ቃል ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። ሰዓዳ እኔን አየችኝ። ሁሉም እኔን አዩኝ። የሃያ ዓመት ጽሑፌ የሚፈተነው በዚያች ደቂቃ ነበር። እኔ ግን የፈለግሁት ለቅሶው እንዲያቆም ብቻ ነበር።

«ሁለቱም ያድናሉ ካልሽ ለምን ትወጋ? ሽሮፑ ይሁን» አልኩ።

ይህ አስተያየት ወረቀት ላይ ቢጻፍ እንከን አይወጣለትም። ልጆች ግን ወረቀት ላይ አይታመሙም።

ሁለት ጠርሙስ ሰጡን፤ እያንዳንዱ ለአምስት ቀን። የመጀመሪያውን በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ በጠበጥነው፤ መብራት ስለማይታመን ከእንስራው ጎን በቀዝቃዛው ቦታ አስቀመጥነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ሽፍታው መክሰም ጀመረ። በአራተኛው ቀን ሐያት ሽሮፑን ከማንኪያ ላይ እየላሰች «አባ፣ አንተም ቅመሰው፤ ጭቅጭቅህን ያጣፍጠው ይሆናል» አለችኝ። ልጄ እንደዳነች ያወቅሁት በስድቧ ነው። አወቅሁ ብዬ ነበር ማለቴ ነው።

በአምስተኛው ቀን የመጀመሪያው ጠርሙስ አለቀ። ሁለተኛው ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አበራሽ በር አንኳኳች።

ከአበራሽ ጋር የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጨው ተበዳድረናል፤ መሰላል ተዋውሰናል፤ በእሷ ፋሲካና በእኛ አረፋ አንዳችን ለሌላችን ያልላክነው ነገር የለም። ልጇ ብሩክ ከሐያት ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«የሐያት አባት፣ ብሩክ እንደ ሐያት ሆነብኝ። ጉሮሮው እሳት ነው። ፋርማሲዎቹን ዞርኩ፤ መድኃኒት የሚመጣበት መንገድ ተዘግቷል፣ የልጅ ሽሮፕ የለም አሉኝ። ያ የሐያት መድኃኒት ተርፏል?»

«ጤና ጣቢያስ?» አለቻት ሰዓዳ።

«እዚያማ ይወጉታል። ሽፍታ ወጥቶበታል እኮ!»

ሁለተኛውን ጠርሙስ አነሣሁ። ሰዓዳ እጄን ያዘችኝ። «አሥር ብላለች የጤና ጣቢያዋ ልጅ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ልጅቷ መመሪያ ነው የምታነበው» አልኩ። «ትኩሳት የለም። ሽፍታ የለም። ሐያት ግቢ ውስጥ እየሮጠች ነው። ለማን ነው የምትጠጣው? ለጠርሙሱ?»

አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ ሲበዛ ጉዳት እንዳለው ብዙ አንብቤ ነበር። እውነት ነው። በዓለም ላይ እውነት የሆነ ነገር በእኔ ቤት በዚያ ቀን እውነት መሆኑን ግን ማንንም አልጠየቅሁም። በዚያ ላይ አንዱ ልጅ ድኖ ሌላው እየነደደ መድኃኒት ቆልፎ መቀመጥ በሀገራችን ነውር ነው። ንባቤም ደግነቴም አንድ ነገር አዘዙኝ። ሁለቱ የተስማሙበት ቀን በሕይወቴ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አልተጠራጠርኩም።

አበራሽ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት። ያን ቀን ራሴን በጣም ወደድኩት።

ብሩክም በሦስት ቀን ተሻለው። ጠርሙሱ ሲያልቅ አበራሽ አጥባ፣ ማር ሞልታ መለሰችልን፤ በእኛ ዘንድ የተሰጠ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። በዚያው ሰሞን የሐያት የጣቶቿ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይላጥ ጀመር። አክስቴ አየችና «አልሐምዱሊላህ፣ የበሽታውን ቆዳ ጣለችው» አለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጉዳይ ከአክስቴ ጋር ተስማማሁ። መላጡ የስካርሌት ፊቨር የተለመደ ምልክት ነው፤ መዳንን አያረጋግጥም።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ሐያት ከመኝታዋ አልተነሣችም።

«አባ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ።»

ቀኝ ጉልበቷ አብጦ ነበር። ይፋጃል። አንሶላው ሲነካው ጮኸች። ወድቃ ነው አልን። አልወደቀችም። አክስቴ ወጌሻ ይጠራ አለች። በማግሥቱ ጉልበቷ ቀለለላት። ደስ አለን። ከሰዓት በኋላ ግራ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ትኩሳቱ ተመለሰ።

እሑድ ደረጃ መውጣት አቃታት። ቤታችን ያለው ደረጃ ሁለት ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ጤና መኮንኗ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገች። ቦታ ቀየረች። በጎኗ አስተኛቻትና እንደገና አዳመጠች። እጅግ ረዘመ። ከዚያ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሽሮፑን ስንት ቀን ጠጣች?»

ሰዓዳ አላየችኝም። ግድግዳውን አየች።

«አምስት» አልኩ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልቧ ላይ ትርፍ ድምፅ እሰማለሁ። ዛሬውኑ ወልዲያ» አለችና የሪፈር ወረቀት ጻፈች።

መንገዱ ያን ቀን ክፍት ነበር። ሚኒባሱ ሮቢት ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። ተሳፋሪው ልጅቷን አይቶ «አላህ ያሽራት»፣ «እግዜር ይማራት» ይል ነበር። አንዲት ሴትዮ ከኋላ ሎሚ አቀበለችን። ሐያት እቅፌ ውስጥ ነበረች። እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነበር የሄድኩት። በዚያው እጅ ነበር ከሦስት ሳምንት በፊት ሽፍታውን የዳሰስኩት። አሁን ከሥሩ የሚመታውን ሰማሁ። ልጄ ተቀምጣ ልቧ ይሮጣል። እኔ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። ምንም።

ሆስፒታል ደም ወሰዱ። በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳየው ኢ.ኤስ.አር. ከፍ ብሏል። ኤ.ኤስ.ኦ. የተባለውም ከፍ ብሏል፤ ሰውነቷ በቅርቡ ከስትሬፕቶኮከስ ጋር እንደተዋጋ የሚመሰክር ምርመራ ነው። የልቧን ምት የሚመዘግበውን ኢ.ሲ.ጂ. አነሱ። ከዚያ ኢኮ፤ ልብ በድምፅ ሞገድ የሚታይበት ምርመራ። የሕፃናት ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረ። የልጄን ልብ ያኔ ነው ያየሁት። ትንሽ በር ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ በደንብ አይዘጋም።

«ሪውማቲክ ፊቨር ነው» አለ። «ሰውነቷ ባክቴሪያውን ሲያሳድድ መልኩ ተምታታበት፤ የገዛ መገጣጠሚያዋንና ልቧን እየወጋ ነው። መገጣጠሚያው ያልፋል፤ ጠባሳ አይተውም። ቫልቭ የሚባለው የልቧ በር ግን ትንሽ ያፈሳል። ትንሽ ነው ያልኩት። ሌላ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ከያዛት ግን ትንሽ ሆኖ ላይቀር ይችላል።»

ማስቀረት ይቻል እንደነበር ጠየቅሁት። ሰዓዳ በመጠየቄ የተናደደች መሰለኝ።

«ጉሮሮዋን ከታመመች እስከ ዘጠነኛው ቀን ባለው ጊዜ ሕክምና ከተጀመረና በሥርዓቱ ከተፈጸመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ነበር የደረስነው። ስድስት ቀን በእጃችን ነበረ። መርፌው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረ። ሽሮፑም ሙሉው በእጃችን ነበረ። የጎደለ ነገር አልነበረም።

ያን ዕለት ሐያት በአክስቴ ሻርፕ ተጠቅልላ ያመለጠችውን መርፌ ተወጋች። ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ነርሷን ቀና ብላ አየቻትና «ይሄ ነው እንዴ? ለዚህ ነው እነእማማ መሬማ ያን ሁሉ የጮኹት?» አለች።

ኮሪደር ላይ ወጥቼ ወደ አበራሽ ስልክ ደወልኩ። ከዚያ በፊት የደወልኳቸው ስልኮች ሁሉ ከዚያኛው ይቀላሉ።

«ብሩክ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ይመስገን። ኳስ ሲራገጥ ነው የዋለው። ሐያትስ?»

«ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።»

«ምን ሁኖ? ድኗል እኮ!»

«ሐያትም ድና ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ መድኃኒቱ አሥር ቀን እንደነበረ፣ ለእሷ የሰጠኋት የአምስት ቀኑን እንደሆነ፣ ይህንም እያወቅሁ እንዳልነገርኳት። ብሩክ በስተጀርባ ከአንድ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማኝ ነበር።

«የሐያት አባት» አለች በመጨረሻ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ምክርህን ስጥለው ኑሬ፣ አንድ ቀን ያልጣልኩልህ ነገር ቢኖር ያ ጠርሙስ ነበር። እሱም ግማሽ ነው?»

ቀጥላም «ሐያት እህል ትበላለች ወይ? ምን ይዤ ልምጣ?» አለች።

ብሩክ ታየ፤ መርፌውንም ተወጋ። በኋላ ወልዲያ ሄዶ ልቡ በኢኮ ተመረመረ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። እሱ የተረፈው በዕድል ነው። እኔ ለዚያ ልጅ የሰጠሁት ነገር ከሕመሙ እንዳዳነው ማስመሰል እችል ነበር፤ በሰፈራችን እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚያወሩ አሉ። እናቱ ግን አታወራም።

ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ቆየን። አስፒሪኑ እብጠቱን በሁለት ቀን ውስጥ አወረደው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከባዱ ሥራ መታመሟን የማታምን ልጅ በአልጋ ላይ ማቆየት ነበር፤ ምክንያቱም የማያማት ልጅ ታምሜያለሁ አትልም፤ እኔም ከዚህ በፊት ያመንኩት ይህችኑ የማያማትን ልጅ ነበርና አሁን እሷንም ራሴንም ላለማመን ወስኜ ሰዓቱን በወረቀት ላይ እየጻፍኩ፣ ትኩሳቷን እየለካሁ፣ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል እያስደገምኩት ቆየሁ። ሐኪሙ ሳይሰለቸኝ አልቀረም። ቤት ከተመለስን በኋላ ለሳምንታት ሩጫ ተከልክላ፣ አክስቴ መሬማ በር ላይ በርጩማ አስቀምጣ ትጠብቃት ነበር፤ ሁለቱ ሲሰዳደቡ መዋላቸው ለሐያት ከመድኃኒቱ እኩል የጠቀማት ይመስለኛል። በሁለተኛው ወር ኢኮው ሲደገም በሩ ከበፊቱ በተሻለ ይዘጋ ነበር። በስድስተኛው ወር ሐኪሙ «ትሩጥ» አለ። ወጥታ ሮጠች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

መርፌው ግን አላበቃም። በየአራት ሳምንቱ ትወጋለች፤ ቢያንስ ለአሥር ዓመት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ። ዓላማው ባክቴሪያው ዳግመኛ ጉሮሮዋ ውስጥ ቤት እንዳይሠራ ነው። ቀኑን የምትቆጥረው አክስቴ ናት። ማንበብ ስለማትችል ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከማሰሮ ወደ ማሰሮ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ታሻግራለች፤ አራተኛዋ ስትሻገር ሻርፗን ለብሳ በር ላይ ትቆማለች። እስከ ዛሬ አንድም ሐሙስ አላመለጣትም። እኔ በስልኬ ላይ የሞላሁት ማስታወሻ ሁለት ጊዜ ስቷል።

ከሆስፒታል እንደተመለስን መጀመሪያ የሄድኩት ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩን ያ የታሰረ ኩባያ ይነሣ አልኩት። በጀት የለም አለኝ። «ኩባያ ነው ያልኩህ፤ ግድብ አይደለም» አልኩት። በመጨረሻ ልጆቹ የየራሳቸውን ኩባያ ከቤት እንዲያመጡ ተስማማን። ጤና መኮንኗም መጥታ የልጆቹን ጉሮሮ ለማየት ፈቀደች። እኔ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ጥሩ ማስታወቂያ ነበር፤ ሦስት ገጽ። ከበሩ ላይ ለጠፍኩት። ማንም አላነበበውም።

በቀጠሮው ቀን እናቶች መጡ፤ መርፌ ሊኖር ይችላል ሲባሉ ግን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመሩ። እኔ መናገር ጀመርኩ። ስናገር የሚያፈገፍጉት በዙ። አክስቴ መሬማ በርጩማዋን አንሥታ በሩ መሐል ላይ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው?» አለች።

«እማማ መሬማ» አለች አንዷ፣ «እርስዎ አይደሉ እንዴ ሽፍታ መርፌ አይወድም ያሉን? የኔን ትልቁን ልጅ ከመርፌ እርስዎ አይደሉ ያስቀሩት?»

«እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ።»

የሚያፈገፍጉት ባሉበት ቆሙ።

«ሰባ ዓመት ትክክል ሁኜ አንድ ቀን ብሳሳት ምን አለበት?» አለች አክስቴ። «የእኔን ልጅ ልቧን ለእናት አባቷ በቴሌቪዥን አሳይተዋቸዋል። ሲያፈስ አይተነዋል አሉኝ። ነይ አንቺ፣ ተመለሺ። ልጁ ያልቅስ፤ ለቅሶ ልብ አያፈስም። ተሰለፊ ብያለሁ!»

ተሰለፉ። አክስቴ ተሳሳትኩ ስትል በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እሷን አንዲት ደቂቃ ፈጀባት። እኔን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ምስጋና የምጀምረው ከዚያች ጤና መኮንን ነው፤ አሥር ስትል አሥር ማለቷ ነበር። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፤ ጥፋቴን ሳይሸፍንልኝ ነገረኝ። ሰዓዳን አመሰግናለሁ፤ «ብዬህ ነበር» ማለት ስትችል እስከ ዛሬ አላለችም፤ ባለማለቷ ምን ያህል እንደምትጎዳኝ የምታውቅ ይመስለኛል። አበራሽን የማመሰግንበት ቃል የለኝም፤ በመካከላችን ያለውን ግድግዳ ከፍ ማድረግ ስትችል ሾርባ ይዛ ወልዲያ መጣች።

አሁን ልጁ ለታመመበት ወላጅ ልናገር። የልጅ ጉሮሮ ሁሉ ይህ አይደለም። ሳልና ንፍጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ በዚህ ላይ ንባቤ ትክክል ነበር። ነገር ግን ትኩሳቱ ድንገት ከመጣ፣ ልጁን ሲውጥ ካመመው፣ ሳል ከሌለው፣ ከመንገጭላው ሥር እጢ ካበጠ፣ አስመርምረው። ደረቱን በዐይንህ ብቻ አትይ፤ በመዳፍህ ዳስሰው። ከሻከረ በዚያው ቀን ሂድ። ሕክምና በጀመረ ማግሥት ትኩሳቱ ከለቀቀው ወደ ትምህርት ቤት ሊመለስ ይችላል፤ ወደ መድኃኒቱ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ይመለስ። መርፌ ካቀረቡልህና ልጁ ለፔኒሲሊን አለርጂ ከሌለው፣ ከአክስትህ ጋር ለመታረቅ ስትል አትሽሽ። ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ዐይንህን አታንሣ፤ ጠዋት ፊቱ ካበጠ ወይም ሽንቱ የሻይ መልክ ከያዘ ኩላሊቱ ነው፤ መገጣጠሚያው ካበጠና እብጠቱ ከቦታ ቦታ ከዞረ ልቡ ይታይ። ወጌሻውን አታስቸግረው።

ያ ጠርሙስ አሁንም መደርደሪያችን ላይ ነው፤ አበራሽ የሞላችው ማር እንዳለ። ማንም አልነካውም። ሐያት ባለፈው ሐሙስ ከመርፌ ስትመለስ አየችውና «አባ፣ ይሄን ለምን አንበላውም?» አለችኝ። በእሷ ጉሮሮ ቢወርድም በእኔ እንደማይወርድ አልነገርኳትም።

አንተም ቤት መደርደሪያ አለ። ይህን ወረቀት አስቀምጥና ተነሥ። ለልጅህ የታዘዘና ሳያልቅ የቀረ ጠርሙስ ካገኘህ ለጎረቤት አትስጥ፤ ለክፉ ቀን አታስቀምጥ። ጠርሙሱን በአንድ እጅህ፣ ልጅህን በሌላው ይዘህ ዛሬ ጤና ጣቢያ ሂድና ስንት ቀን እንዳጎደልክ ሳትዋሽ ተናገር።